የፎም መቃብሮች

በዚያ ዓመት አባቴ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። በስልክ ካርድ በደወልኩ ቁጥር ወንድሜ «ዛሬ ደክሞት ተኝቷል፣ ነገ ደውዪ» ይለኛል። ሐሳቤ ለገና ፈቃድ ወስጄ ሄጄ ላየው ነበር። እስከዚያ እንዲቆይልኝ ብቻ ነበር የምለምነው።

ፈረንጆቹ ቤታቸውን በጭራቅና በመቃብር የሚያስጌጡበት የሃሎዊን በዓል ጣጣ የልጄ ነው። ስምንት ዓመቷ ነበር። እዚህ አሜሪካ፣ ፌደራል ዌይ ከተከራየንበት መንገድ ላይ ያላጌጠው የእኛ ቤት ብቻ ነው ብላ አለቀሰችብኝ። ጎረቤቶቻችን በአየር የሚነፋ ጭራቅ ገዝተው አቁመዋል። እኔ ለጭራቅ የሚተርፍ ገንዘብ የለኝም። ሥራዬ ላይ አንድ ሽማግሌ ሳጥብና ስንከባከብ ውዬ ስገባ እግሬ አብጦ ጫማዬ አይወልቅም። ግን የልጅ ነገር ሆነና እሺ አልኩ።

ሰው ከጣለው የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ነጭ ፎም ለቀምኩ። የመቃብር ድንጋይ እንዲመስል በዳቦ ቢላዋ አናቱን ክብ አድርጌ ስቆርጠው ድምፁ ጥርስ ያፋጫል፤ ፍርፋሪው ፀጉሬ ላይ ተጣብቆ አልለቅ አለ። መጀመሪያ የረጨሁት ቀለም ፎሙን በላው። እንደገና ቆርጬ፣ ቀለም ቀቢ የሆነ ያገሬ ልጅ የሰጠኝን ትራፊ ግራጫ በብሩሽ ቀባሁት። ከሥሩ የልብስ መስቀያ ሽቦ ሰክቼ ሣሩ ላይ ተከልኳቸው። ዝናቡ ይጥላቸዋል፣ እኔ አነሣቸዋለሁ።

«ማሚ፣ ዘይ ሉክ ሪል!» አለች ልጄ፣ የእውነት ይመስላሉ ማለቷ ነው። ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው፤ የምፈልገው መተኛት ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሦስት ሴቶችና አንድ አዛውንት መቃብሮቹ መሀል ቆመዋል። ባለፈው እሑድ ስለ ሃሎዊን ክፉኛ ተሰብኮ ነበርና፣ ሊቆጡኝ እንደመጡ አልተጠራጠርኩም። ቀደምኳቸው።

«የሰይጣን ሥራ አይደለም፣ የልጅ ጨዋታ ነው» አልኩ። «እናንተ ልጆቻችሁን አሳድጋችሁ ጨርሳችኋል። እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ደክሞኛል። እባካችሁ ተዉኝ!»

ከሴቶቹ ትልቋ፣ እትዬ የምንላቸው፣ ለአንድ ቃል አሥር የሚመልሱ ሰው ናቸው። ዝምታቸው ይባስ አናደደኝ።

«ካልወደዳችሁት ንቀሉት!»

አዛውንቱ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እትዬ እጄን ያዙና «ነይ እንግባ ልጄ፤ ቁጭ በይ» አሉኝ።

እኛ ዘንድ በማለዳ ተሰብስቦ መጥቶ ቁጭ በይ የሚል ሰው ይዞት የሚመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው። ደንቡ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ድካም ጋርዶኝ ነው። «አባዬን!» ብዬ ጮህኩ።

የተቀበረው ማክሰኞ ነበር። ወንድሜ ያን ዕለት ነው የነገራቸው። ለምን እስከ ዛሬ ደበቃችሁኝ ስላቸው፣ እትዬ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ኦፍሽ፣ የዕረፍት ቀንሽ፣ ቅዳሜ መሆኑን ሰምተን እሱን ጠብቀን ነው» አሉኝ።

ከማክሰኞ እስከ ዓርብ የሰው አባት ሳጥብ ነበር።