«ሰርግ ነው» ያሉኝ ቀን

የልጅ ልጄ ቴሌቪዥኑ ላይ ዓይኗን ተክላለች። አንድ ጎረምሳ አንዲት ልጅ ጠልፎ በፈረስ ይጋልባል፤ ዋሽንቱ ይንቆረቆራል፤ ልጅቱ ትንሽ ተወራጭታ ደረቱ ላይ ዘንበል አለች።

«እምዬ፣ አያቴም እንዲህ ነው የወሰደሽ?» አለችኝ። ፊቷ በርቷል።

«እንዲህ አይደለም» አልኳት።

እኔ የተጠለፍኩት ከመንደራችን ሐይቅ ውኃ ቀድቼ ስመለስ ነው። ኡኡ አልኩ። በአገራችን ኡኡታ የሰማ ሰው የያዘውን ጥሎ ይሮጣል፤ እሳት ይሁን ሌባ አይጠይቅም። እዚያው ማሳ ላይ ጤፍ ያጭዱ የነበሩ ሰዎችም ማጭዳቸውን እንደያዙ ብድግ አሉ። ያኔ ከጠላፊዎቹ አንዱ «ሰርግ ነው! ሰርግ ነው!» ብሎ ጮኸ። አጫጆቹ ተመልሰው አጎነበሱ። አንዲት ሴትማ እልል አለችልኝ። ያቺን እልልታ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም።

ከዚያ በሳምንቱ ፊልም ሠሪዎች መንደራችን መጡ። ጠለፋ ሊቀርጹ ኖሯል። ዳይሬክተሩ ጸጉሩን የተጎነጎነ ልጅ ነው። ደጃፌ ላይ ቆሜ አየኝና፣

«ማዘር፣ እልል ይበሉልን። ልጅቷን በፈረስ ሲያመጣት ብቻ። ታዲያ ሞቅ አድርገው!» አለኝ።

«ወዳ ነው የምትመጣው?»

«መጀመሪያ እምቢ ትላለች፤ ኋላ ትወደዋለች። የፍቅር ታሪክ ነው።»

«ሞቅ አደርግልሃለሁ» አልኩት።

የልጅ ልጄ ስልኳን ደግና አጠገቤ ቆመች። ፈረሱ ብቅ አለ። ተዋናዩ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ልጅቱን ከፊቱ ጭኖ ይስቃል። ባሌ ከሞተ ቆየ፤ ሳቁ ግን ያው የሱ ነበር።

«ኡኡ! ልጅ ወሰዱ! የሰው ያለህ!» ብዬ ጮኽኩ።

ጎረቤቱ ስለ ፊልሙ ያውቃል፤ ማሳ የዋለው ሰው ግን አልሰማም። ዱላውን እየያዘ ነቅሎ መጣ። ልጓሙን ያዙ፤ ተዋናዩን በጋቢው ጎትተው ጭቃው ውስጥ ጣሉት። ዳይሬክተሩ «ፊልም ነው! ፊልም ነው!» እያለ ይዘላል። ሰዎቹ ዱላቸውን ወረድ አድርገው ወደኔ ዞሩ።

«ያኔም ሰርግ ነው ተብሏል» አልኳቸው።

ልጓሙን የያዘው ሽማግሌ ያን ቀን ጤፍ ሲያጭድ የነበረ ነው። አንገቱን ደፋ። ልጓሙን ግን አልለቀቀም።

«ማዘር፣ በናትዎ እንድገመው» አለ ዳይሬክተሩ።

«ስንቴም ድገመው። ድምፄ ይሄው ነው።»

ተዋናዩ አንድ ጫማው ጠፍቶበት በጭቃው ውስጥ ይዳብሳል። ሊያሳዝነኝ ይገባ ነበር፤ አላሳዘነኝም።

የልጅ ልጄ ስልኳን ዝቅ አድርጋለች። «እምዬ፣ ማንም አልደረሰልሽም?» አለች። ደጃፉ ላይ አስቀምጬ፣ በፊልም የማይታየውን ሁሉ ነገርኳት።

ፊልም ሠሪዎቹ ዕቃቸውን ጠቅልለው ያንኑ ጠለፋ ሊቀርጹ ወደ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ሄዱ አሉ። እህቴ የምትኖረው እዚያ ነው። ደወልኩላት።