ዓይናለምና በእጅ የሚሞሉ ሰዓቶች

ዓይናለም ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ሰዓት ትጠግናለች። ሙያውን ያስተማሯት አባቷ ናቸው፤ ፍቅሩ ግን በእሷ ባሰ። በእጅ የሚሞላ አሮጌ ሰዓት ካየች ሳትከፍተው አታድርም። ሰው የጣለውን እየለመነች ሰብስባ አንድ መሳቢያ ሞልታለች።

የዛሬ ሦስት ዓመት የቴሌግራም ቻናል ከፈተች። የሰዓቱን ጀርባ ፈታ በስልኳ እየቀረጸች፣ "እስቲ እዩልኝ! ይቺ ቀጭን ሞላ እኮ ናት ይህን ሁሉ ጥርስ የምታዞረው!" ስትል ደስታዋ ይጋባል። ተከታዩ በዛ። ከሁሉ የማይጠፉት ጉና ሥር ቅኔ የሚያስተምሩት መሪጌታ ጥላዬ ነበሩ።

ይህን ያየ ሀብታሙ የሚባል ሰዓት አስመጪ ደወለላትና አዳዲስ ሰዓቶቹን በሳምንት አንዴ እንድታስተዋውቅለት ተስማሙ። አንዴው አምስቴ ሆነ። የምትለውንም እሱው እየጻፈ ይልክላት ጀመር። ዛሬ "የዘመኑ ምርጥ!" ትላለች፤ ነገ ሌላ የዘመኑ ምርጥ ይመጣል። መሳቢያዋ ሳይከፈት ወራት አለፉ።

አንድ ጠዋት መሪጌታ ደወሉ።

"ልጄ፣ ደኅና ነሽ? የታመምሽ መስሎኝ እኮ ነው።"

"ኧረ ደኅና ነኝ የኔታ። ምነው?"

"ያቺ ሰዓት ፈታ የምትፍነከነከዋ ልጅ ጠፋችብኝ። በወንበሯ አንድ ለፍላፊ ነጋዴ ተቀምጧል።"

ዓይናለም አፈረች፤ ወዲያው ግን ሳቋ አመለጣት፤ እሳቸውም ሳቁ። ስልኩን እንደዘጋች፣ ለዚያ ቀን "ዕድሜ ልክ የማይበገር" እንድትል የታዘዘችለትን ሰዓት ከፈተችው። ጥርሱ ሁሉ ፕላስቲክ ነው። ሀብታሙ ጋ ደወለች።

"ከፍቼ ያየሁትን ልናገር?"

"ምን ቆርጦሽ! የጻፍኩልሽን በይ እንጂ።"

"እንግዲያስ ይቅርብኝ።"

ጭነት እንደወረደላት በቅሎ ቀለላት። ያን ዕለት፣ "ቅዳሜ አሮጌ ሰዓት ያላችሁ አምጡ፤ አብረን እንከፍታለን" ብላ ለጠፈች። የሀብታሙን ሰዓቶች በቅናሽ ለመግዛት ይጠብቁ ከነበሩት ብዙዎቹ ቻናሉን ጥለው ወጡ፤ እሷ ግን አልከፋትም።

ቅዳሜ ሱቋ ጠበበ። ጌጤ የምትባል ጠላ ሻጭ የአማቷን ሰዓት በመቀነቷ ቋጥራ መጣች። መሪጌታም ከጉና በበቅሎ ወርደው፣ ሃያ ዓመት ዝም ያለ የኪስ ሰዓት ከመሐረብ ፈቱ። ዓይናለም አቧራውን ጠርጋ፣ ዘይት ጠብ አድርጋ ሞላችው። መሪጌታ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ተነሣ!" አሉ እንደ ሕፃን።

እዚያው ቆመው ቅኔ ተቀኙለት። ግማሹ ሰው ግዕዙን አልሰማውም፤ ቢሆንም ሁሉም በአንድ አፍ "ይበል!" አለ። ጌጤ እልል ስትል መንገደኛው ሠርግ መስሎት በበሩ አንገቱን ያስገባ ጀመር።