በጠራራ ፀሐይ ካፖርት

እልል በሉ! ቋሚ ሆነች! ከእንግዲህ "ለጊዜው ነው" የለ፣ "እስቲ እናያለን" የለ፤ ወንበሩም መርፌውም የእሷ ነው። ማን አትሉኝም? እቴቴ ናታ! የባለቤቴ ታላቅ እህት፣ ሰው አገር ሄዳ ልብስ ጥገና ቤት የገባችው። እሷን ብትጠይቋት "እንዴት እንደሆነ እንጃ" ነው መልሷ፤ ስለዚህ እኔ ከሥሩ ላጫውታችሁ።

እቴቴ የብርዱን ወራት ሙሉ፣ መንገድ የሚያሳየው መስኮት ሥር ተቀምጣ ስትሰፋ ነው የከረመችው። በዚያ ብርድ ከሰው የሚታየው አፍንጫው ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ካፖርት ነው። እሷም የልብስ ሰው ናትና ሰፈሩን በካፖርቱ ለመደችው። ቋንቋው ገና በቅጡ አልገባትም፣ የማንንም ስም አታውቅም፤ ግን ገበሩ የሾለከበትን፣ ሦስተኛ ቁልፏ በሌላ ቀለም ክር የተያዘላትን አንድ በአንድ ትለያለች። "ጎረቤቶቼ" ነበር የምትላቸው። ጓዳ ሆኖ ካውያ የሚገፋው ልብስ ተኳሽ፣ ያገሯ ሰው፣ "እትዬ፣ አንቺ እኮ የምታውቂው ሰው ሳይሆን መስቀያ ነው" እያለ ይቀልድባታል።

አንድ ቀን ባለሱቋ በአፍም በእጅም አስረዳቻት። "ነገ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ባንኮኒው ላይ አንቺ ነሽ። ከተወጣሽው ቋሚ ትሆኛለሽ። ካልሆነ ግን፣ ብርዱ አልቋል፣ ሥራውም ቀዝቅዟል..." የቀረውን በትከሻዋ ነገረቻት። እዚያ ሱቅ ልብስ ላይ ቁጥር መለጠፍ ብሎ ነገር የለም፤ ባለሱቋ የሁሉንም መልክ ታውቃለች። እቴቴም "እኔስ ሁሉንም አውቃቸው የለ!" ብላ ተጽናናች።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣች። እንዴት ያለች ፀሐይ! የእነሱ ጸደይ አንኳኩቶ አይመጣም፤ በሩን በርግዶ ነው የሚገባው። እቴቴ መጋረጃውን ስትገልጥ መንገዱ ላይ አንድም የምታውቀው ሰው የለም። ክንድ ብቻ፣ አንገት ብቻ፣ ጠቃጠቆ ብቻ! ወፍራም ይመስል የነበረው ሁሉ ቀጥኖ ሲምቢሮ ወፍ አክሎ ያልፋል።

"ከተማው ሌሊት ተቀይሯል እንዴ?"

"ካፖርታቸውን አውልቀው ነዋ፣ እትዬ።"

"ታዲያ የኔዎቹ የት ሄዱ?"

"እነሱ ናቸዋ!"

"ተወኝ እስቲ፣ አንተ ደግሞ!"

ይህን ስትል አንድ ራሰ በራ ገባና፣ አብሮ አደጉን ያገኘ ይመስል ፈገግ ብሎላት፣ ወደ ግራጫው ካፖርት ጠቆመ። የተሰቀለው ግራጫ ግን ሁለት ነው። ፊቱን አየች፣ ካፖርቶቹን አየች፣ ተመልሳ ፊቱን አየች። ፊቱ ምንም አልነገራት። አንዱን ሰጠችው። በዚያ ሙቀት ማን ይለካል? ክንዱ ላይ ጣል አድርጎት ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ዘንጋዳ የሚያህል ረጅም ሰው መጣ። የቀረውን ግራጫ ቢለብሰው እጅጌው ክርኑ ላይ ቆመ! እቴቴ ክው አለች።

"ጉድ ፈላ! ለራሰ በራው ሰጥቼዋለሁ!"

ተኳሹ ወደ መስኮቱ አሻግሮ አየ። "የትኛው ራሰ በራ? ሰው ሁሉ ኮፍያውን አውልቋል እኮ!"

"ወይኔ! በቃ፣ እንጀራዬ ተዘጋ።"

"ሰውዬውን እኔ አቆየዋለሁ" አለና፣ ረጅሙን ሰው ሸሚዙን አስወልቆ በነፃ ይተኩስለት ገባ። ደረቱን የገለጠ ሰው ደግሞ የትም አይሄድ።

እቴቴ የቀረውን ካፖርት ለብሳ እስከ አንገቷ ቆለፈችው። "እኔ እሱን ባላውቀው እሱ ካፖርቱን ያውቀዋል!" ብላ ውልቅ አለች።

አደባባዩ ላይ ሰው ጫማውን አውልቆ፣ አይስክሬሙን እየላሰ፣ ሳር ላይ ተዘርግቷል። በመሃል እሷ፣ ላብ በላብ፣ ካፖርቷን ግጥም አድርጋ። ልጆች ይጠቋቆማሉ። አንዲት ሴትዮ ያመማት መስሏት ውሃ ይዛ ሮጠችላት። ይባስ ብሎ ከየአግዳሚው ሰው እጁን እያውለበለበ ሰላም ይላታል! "እነዚህ ደግሞ ከየት አወቁኝ?" ብርዱን ሙሉ በመስኮት ስታያቸው፣ እነሱም ሲያዩዋት መክረማቸው ትዝ አላላትም። ዞራ ዞራ ልትመለስ ስትል፣ አንድ ሰው ከዛፍ ሥር ብድግ አለ። የለበሰችውን ካፖርት አየ፣ ክንዱ ላይ ያለውን አየ፣ ራሰ በራውን በመዳፉ ጠፍ አድርጎ ሳቀ። ተለዋወጡ።

እየሮጠች ስትመለስ ባለሱቋ ቀድማ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች! አደባባዩ ላይ ካውቶቡስ ስትወርድ ጀምሮ ሁሉንም አይታለች። ያ ደረቱን ገልጦ የተቀመጠው ደንበኛም ከኋላዋ አለ። ባለሱቋ በዚያ ፈጣን ቋንቋዋ ንግግሩን አወረደችው፤ እቴቴ የያዘችው "ነገ" የምትለዋን ብቻ ነው። ነገ ነይ ነው? ነገ እንዳላይሽ ነው?

"ምን አለች? ንገረኝ እንጂ!"

ተኳሹ የሸሚዙን ኮሌታ ጨርሶ፣ ገልብጦም ደገመው።

"አንተ!"

"ከነገ ጀምሮ ባንኮኒው ያንቺ ነው፣ ቋሚ ነሽ አለች። ሰው ሁሉ እጁን ሲያውለበልብልሽ አይታ፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅሻል ነው የምትለው።"

"እኔ ግን ማንንም አላውቅም!"

"እሱን አልነገርኳትም።"

እቴቴ ይኸው ዛሬም ግራ እንደገባት ነው። ፊታቸውን አንድ በአንድ ልትለምድ፣ ከዚያ ብርዱ ሲመለስ ካፖርታቸውን ሊለብሱባት! በሉ ደህና ሁኑ፣ ነጠላዬን ላንሳ፤ አማቴ የልጃቸውን ወሬ ገና አልሰሙም፣ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ!