የቁም ቅሬ

ማንጠግቦሽ አረቄ ማውጣት የጀመረችው ባሏ ወደ መንገድ ሥራ ካምፕ እንደሄደ በቀረ በዓመቱ ነው። ሞተ የሚል መርዶ አልመጣ፣ አለ የሚል ወሬ አልተሰማ፤ እንዲያው ቀረ። ከሚሴ ያን ጊዜ ባጃጅ የሚባል ነገር አታውቅም። ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ሰውም እህልም የሚጓዘው በፈረስ ጋሪ ነበር፤ ከደሴና ከአዲስ አበባ የሚመጡት ከባድ መኪኖች ጥሩንባቸውን ሲያስጮሁ ጋሪዎቹ ከአስፋልቱ ወደ አቧራው ይወርዳሉ። ከዚያው አስፋልት ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ አንዲት ክፍል ከነጓዳዋ ተከራየችና ብቅሏን አበቀለች፣ ጌሾዋን ወቀጠች፣ ድፍድፏን ጣደች።

አረቄ የምታወጣ ሴት ትቀምሳለች። ሳትቀምስ ምን እንደወጣላት በምን ታውቃለች? መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ኃይለኛ ነው፣ እየቆየ ይቀጥናል፤ የት ላይ ማቆም እንዳለባት የሚነግራት ምላሷ ነው። ማንጠግቦሽም በጣቷ ነክራ ትቀምስ ነበር። ቀጥሎ በስኒ ሆነ። ቀጥሎ በመለኪያ። ጠዋት ራሷን ሲወቅራት ማርከሻ፣ ማታ ልቧ ሲከፋት መተኛ። መቅመስ ሥራ መሆኑ ቀርቶ ሕመም የሆነው መቼ እንደሆነ እሷም አታውቀው። ሌላው ሲጠጣ አይቶ የሚቆጣው ጎረቤት አለው፤ እሷን ግን ያየ ሁሉ ሥራ ላይ ናት ነው የሚለው።

ከደንበኞቿ መሀል ሁለቱ የዘወትር ነበሩ። አንደኛው ሃምሳ አለቃ ባንተይርጋ ነው። በሰሜን ጦርነት ቆስሎ የተመለሰ፣ መንግሥት ሲለወጥ ሜዳ ላይ የቀረ ወታደር፤ እንጀራው የእህል መጋዘን ዘበኝነት ነው። እሱ በፊት በር ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ሰላምታውም እንደ ጦር ሰፈር ነው። ሁለተኛው ዘይኑ ባለ ጋሪው ነው። የዘይኑ ነገር ሌላ ነው፤ የጨፋ ልጅ፣ የደጋጎች ዘር፣ እስላም። ጋሪውን ከወፍጮ ቤቱ ኋላ ያቆምና በጓዳ በር ይገባል፤ ሲወጣ ቅርንፉድ እያኘከ ነው። ሚስቱ ረቢአ የጥርስ ሕመም ይመስላት ነበር።

ምስጢሩን ያወጣው ፈረሱ ነው። አንድ የገበያ ቀን ረቢአ ማሽላዋን ሸምታ ከባሏ ጋሪ ላይ ተቀምጣ ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ ፈረሱ ቀጥ ብሎ መሄዱን ትቶ በወፍጮ ቤቱ ታጠፈና የማንጠግቦሽ ጓዳ በር ላይ ቆመ። ዘይኑ ልጓሙን ቢስብ፣ ቢገርፍ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ቢለምን ወይ ፍንክች! የየቀኑን ቦታ ያውቃላ። ወፍጮ ቤት ወረፋ የያዙት ሴቶች ሳቁ። ከነሱ ውስጥ ሀዲጃ የምትባል ምላሰኛ፣ "ዘይኑ፣ ጠጪው ፈረስህ ነው እንዴ? እኛ እኮ አንተን ነበር የምንጠረጥረው!" አለች።

ረቢአ ከጋሪው ወርዳ በጓዳው በር ገባች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር።

"እቴ ማንጠግቦሽ፣ ባሌ እዚህ የሚያራግፈው ጭነት ምንድን ነው?"

ማንጠግቦሽ መለኪያውን ወደ አፏ አነሳች። በእጇ የያዘችው መለኪያ ከጥርሷ ጋር እየተጋጨ ይንቀጫቀጫል። ረቢአ እጇን አየችው፣ ፊቷን አየችው፤ ከዚያ ከብቅሉ ጆንያ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

"እኔስ ልጣላሽ ነበር የመጣሁት። ከማን ጋር ልጣላ? አንቺም እንደሱ ነሽ። ያ ረቢ!" ብላ አለቀሰች።

ማንጠግቦሽም አለቀሰች። ማን ማንን ያባብል?

በዚያው ሰሞን ባንተይርጋ ሆዱ ተነፍቶ ደሴ ሄዶ ተመርምሮ ተመለሰ። ሐኪሙ፣ "ጉበትህ የቀረችው ለምልክት ነው። መጠጥ ካቆምክ ትሰነብታለህ፤ ከደገምክ ግን ወደ እኔ አትድከም" ብሎታል። ይህን ለማንጠግቦሽና ለዘይኑ የነገራቸው እዚያው አረቄ ቤት ተቀምጦ፣ መለኪያው ፊቱ ሞልቶ ሳይነካው ነው። ላብ በግንባሩ ይወርዳል።

"በዚህ አገር" አለ፣ "ሰው ሲሞት ቅሬው ይጠራል፣ ዕድርተኛው ይሰበሰባል። አራሹ ሞፈሩን ጥሎ ይመጣል፣ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ይመጣል፤ እስላም ክርስቲያን አይባልም። መልካም። ታዲያ ከሞትኩ ወዲያ መጥታችሁ ምን ልትፈይዱልኝ? በቁሜ ኑልኝ እንጂ!"

"አያ ባንቴ፣ የቁም ተዝካር ሲባል ሰምቻለሁ" አለ ዘይኑ። "የቁም ቅሬ ግን ከየት አመጣኸው?"

"እንግዲህ ዛሬ ስማ!"

እንዲህ ተጀመረ። ሦስት ሰው። ሕጉ አጭር ነው፤ ከሦስቱ የአንዱ ጉሮሮ ሲነድ፣ እግሩ ወደ አረቄ ቤት ሲስበው፣ ለሁለቱ ይልካል። የተላከበት ሰው የያዘውን ጥሎ ይደርሳል፣ ጥማቱ እስኪያልፍም አብሮ ይቀመጣል። የከበዳቸው የመላኪያው ቃል ነበር።

"'አረቄ አማረኝ' ብዬ በሰው አፍ ልላክ?" አለ ዘይኑ። "ወላሂ እናቴ ጆሮ ከደረሰ ዋጋ የለኝም።"

"ለቅሶ አለ በል" አለች ማንጠግቦሽ። "ለቅሶ ለተጠራ ሰው ማንም 'ወዴት ነህ' አይለውም።"

"ማን ሞተ ቢሉኝስ?"

"እኛ አንጠያየቅማ! ማን ሞተ የሚባል ነገር በኛ መሀል የለም። ለቅሶ አለ ከተባለ መምጣት ብቻ ነው።"

በዚህ ተስማሙ። ማንጠግቦሽ ጋኗን አጥባ የውሃ አደረገችው፣ ከቤቷም ሻይና አምባሻ መሸጥ ጀመረች። የአረቄው ሽታ ግን ከግድግዳው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ኖሮ፣ ዝናብ ሲዘንብና ግድግዳው ሲረጥብ ይመጣባታል። የመጀመሪያዋን ለቅሶ የጠራችው እሷ ናት። ሁለቱ ሲደርሱ ከደጃፏ ላይ ጉልበቷን አቅፋ እንደ ወባ ታማሚ ትንቀጠቀጣለች።

"ማል ታቴ?" አለ ዘይኑ፤ ምን ሆንሽ ማለቱ ነው።

"እንጃልኝ። እግሬ ብቻውን ሊሄድ ነው።"

"እንግዲያ እግርሽ ላይ እንቀመጥበት" አለ ባንተይርጋ። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ተቀመጡና በመሀል አስገቧት። ረቢአ በማር የተመታ አብሽ ይዛ መጣች። ዘይኑ ቢስሚላህ ይላል፣ ባንተይርጋ በስመ አብ ይላል፣ አብሹ በየተራ ይዞራል። ሌላ መድኃኒት አልነበራቸውም። መቀመጥ ብቻ ነው። ሲመሽ አለፈላት፤ ያን ቀን አለፈላት ነው እንጂ፣ ነገ ደግሞ የራሱ ለቅሶ አለው።

ክረምቱ እንዲህ ወጣ፣ በጋውም ተጋመሰ። ወፍጮ ቤት ያሉት ሴቶች ነገሩ ግራ ገብቷቸው ነበር።

"ይቺ ሴትዮ ስንት ዘመድ አላት? ሁልጊዜ ለቅሶ፣ ሁልጊዜ ለቅሶ!" ትላለች ሀዲጃ። "እስካሁን አልቀው አላለቁም?"

"ዘር ብዙ ነን እቴ" ትላለች ማንጠግቦሽ፣ ነጠላዋን እያጣፋች። ከልቧ የምትስቀው ያን ጊዜ ብቻ ነበር። ባንተይርጋ ፊቱ ጠራ፣ ሆዱ ጎደለ፣ ኮፍያውን አሳጠበ። እሷ ግን እያየችው ትፈራለች። ዘይኑ ቢወድቅ ረቢአ አለችው። እሷ ብትወድቅ፣ እንግዲህ ጉልበት አላት፣ ትነሳ ይሆናል። ባንተይርጋ ግን መነሻ የለውም።

አንድ ቀን ጠዋት አባ ጀይሉ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ አሞሌና ቡና ሲነግዱ የኖሩ ሽማግሌ ሞቱ። ያላዘነ የለም። ቅሬው ተጠራ፣ ሱቁ ተዘጋ፣ ዘይኑም ከጨፋ ሮቢት የሚመጡትን ለቀስተኞች በጋሪው ሊያመላልስ ወጣ። ማንጠግቦሽ አምባሻዋን ከድና ነጠላዋን ስታጣፋ ሀዲጃ በደጅ ብቅ አለች።

"በመጋዘኑ በኩል ሳልፍ ያ ወታደር ጠራኝና 'ለቅሶ አለ በያት' ብሎሻል። ለዘይኑም ንገሪ ብሎኝ መንገድ ላይ ነግሬዋለሁ።"

"ሰምቻለሁ፣ ይኸው እየወጣሁ ነው" አለች ማንጠግቦሽ። በልቧም፣ ይሄ ባንቴ እንዳልቀርበት ማሰቡ ነው፣ ደግ ሰው፣ አለች።

ከለቅሶው ቤት ሴቶቹ መሀል ተቀምጣ አልቅሳ አስለቀሰች። ወንዶቹ ቀብረው ሲመለሱ በዓይኗ ፈለገችው፣ አጣችው። ዘይኑ ፈረሱን ከዛፍ ሥር ሲያስር አገኘችው።

"ባንቴ ከወንዶቹ ጋር የለም እንዴ?"

"እኔም እየፈለግሁት ነው። ለቅሶ አለ ብሎ የላከብኝ እሱ፤ ቀድሞን የመጣ መስሎኝ።"

"ለእኔም ልኳል።"

ተያዩ። ዘይኑ ፈረሱን ማሰሩን ተወ።

"እቴ፣ ማን ሞተ ብሎ ነው የላከ?"

"ማን ሞተ መች እንባባላለን..." አለችና ከጋሪው ላይ ዘላ ወጣች።

ፈረሱ እንደዚያ ቀን ተገርፎ አያውቅም። መጋዘኑ በር ሲደርሱ ባንተይርጋ ከአንድ በርሚል ላይ ተቀምጧል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጠዋት እህል ያራገፉ የከባድ መኪና ሰዎች ሲሄዱ፣ "ለብርድህ" ብለው አንድ ሙሉ ጠርሙስ አረቄ ጥለውለት ሄዱ። ክፋት የለባቸውም፤ ዘበኛ ሁሉ ይጠጣል ብለው ነው። በሩን ጥሎ እንዳይሄድ ሥራው ነው፤ ጠርሙሱን እንዳይሰብር እጁ እንቢ አለው። ከበርሚሉ ሥር ደበቀውና ሀዲጃን ላከ። ከዚያ ጠበቀ። መንገዱ ደግሞ የዚያን ቀን በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ሁሉም ለቅሶ ሂያጅ ነው፤ ሁሉም አልፎት ሄደ።

ጠርሙሱ ከወገቡ በታች ሆኗል።

"መጣችሁ?" አለ። "ለቅሶው አለቀ?"

ማንጠግቦሽ ከእግሩ ላይ ወደቀች። "ባንቴ፣ የአባ ጀይሉ መስሎን ነው! በማርያም፣ የእሳቸው መስሎን ነው!"

"የማን እንደሆነ አንጠያየቅም እኮ። ጥፋት የለባችሁም። ሕጋችን ነው።" ጠርሙሱን አነሳ። "ሰው ሲያልፍ እያየሁ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው አንድ ዞር ብሎ የሚያይ አይጠፋም አልኩ። በሽማግሌው ቀንቼባቸው ነበር፤ እውነቴን ነው።"

ዘይኑ ጠርሙሱን ሊቀማው እጁን ዘረጋና እንደ እሳት መልሶ ሰበሰበው። ሽታው ደርሶታል። አንገቱን ወደ አስፋልቱ አዞረ።

ከዚያ ወዲያ ባንተይርጋ አልላከም። ጠዋት ጠዋት ከቤቱ እየሄዱ ቢቀሰቅሱት፣ "ነገ" ይላል። ረቢአ አብሹን ብታደርስለት ተቀብሎ፣ አመስግኖ፣ ስትሄድ ሳይጠጣው ያስቀምጠዋል። መጋዘኑ ሌላ ዘበኛ ቀጠረ። ሆዱ ተመልሶ ተነፋ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ውሎውም አዳሩም ከመናኸሪያው ጀርባ፣ እየሩሳሌም የምትባል ወጣት ሴት ከከፈተችው አረቄ ቤት ሆነ።

ማንጠግቦሽ ለቄሱ ነገረች፤ ዘይኑ ለሽማግሌዎቹ ነገረ። መከሩት፣ መረቁት፣ እሱም አሜን አለ፤ ከዚያ ተመልሶ ገባ። የታመመን ሰው ተሸክመው ሐኪም ቤት ይወስዱታል፤ ይህን ግን በየትኛው ቃሬዛ?

አንድ ቀን ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሁለቱ ከእየሩሳሌም ደጃፍ ቆሙ። ማንጠግቦሽ ይዤው እወጣለሁ ብላ ቆርጣ ነው የመጣች። አንድ እግሯ ከመድረኩ አለፈ። ሽታው በአፍንጫዋ ገብቶ ጉልበቷ ድረስ ወረደ፤ አፏ ምራቅ ሞላ። ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ሰው ትቶት የሄደ ግማሽ መለኪያ ነበር፤ እጇ፣ የሷ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ወደዚያ ሲሄድ አየችው።

"ኮቱ! ኮቱ እቴ፣ ነይ!" ዘይኑ ነጠላዋን ከኋላ ጨምድዶ ጎተታት።

"ልቀቀኝ! ባንቴ ውስጥ ነው እኮ!"

"አውቃለሁ። አንቺም ልትገቢለት ነው።"

"እንግዲያ አንተ ግባ! ወንድ አይደለህም?"

ዘይኑ በሩን አየው። "እኔንስ ማን ያወጣኛል?" አለ።

ነጠላዋን እንደያዘ ቀረ፤ እሷም እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። እሱ እሷን ያዘ ይባል፣ እሷ እሱን፣ መለየት አይቻልም። ከውስጥ የባንተይርጋ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥኗል፣ ግን ያው የሱ ነው።

"ማነው በሩ ላይ?"

"እነዚያ ዘመዶችህ ናቸው" አለች እየሩሳሌም።

"ግቡ በያቸው እንጂ። ሰው ደጅ ይቆማል?"

"አይገቡም።"

"ታዲያ ምን ያደርጋሉ?"

እየሩሳሌም መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየቻቸው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ እንደ ሕፃን እጅ ለእጅ ተያይዘው።

"እንጃ" አለችው። "ቆመዋል።"