ለዓሣ የተገዛ ሥጋ

ሐኪሙ ከሳንጃ ቆላ ተመልሶ፣ ገና ባርኔጣውን ሳያወልቅ ወደ መስታወቱ ገንዳ ጎንበስ አለና «የቀረችውም ዓሣ ከስታለች፤ ሥጋ አትሰጣትም ነበር እንዴ?» አለኝ። እንደዚያን ቀን ሰው ለመምታት እጄን በልቶኝ አያውቅም። ጥያቄው ክፋት አልነበረበትም። ፈረንጅ ነው፤ ሁዳዴ ለእሱ ጥብስ የሚጠፋበት ወቅት እንጂ ሌላ ነገር አይደለም። ያ ሥጋ ምን እንዳስከፈለኝ ቢያውቅ ኖሮ ግን አፉን ይይዝ ነበር።

ጊዜው በጃንሆይ ዘመን፣ ጣሊያን ከወጣ ከረም ካለ በኋላ ነው። ጎንደር ውስጥ በአንድ የጤና ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ እሠራ ነበር። ሥራዬ ሰገራ መመርመር ነው። ሕመምተኛው በክብሪት ቀፎ ይዞ የመጣውን በስንጥር ቆንጥሬ መስታወት ላይ አደርግና በማይክሮስኮፕ የኮሶ፣ የወስፋት እንቁላል ስፈልግ እውላለሁ። አባቴ የደብር መሪጌታ ነበር፤ እሱ ከፊት ቆሞ መቋሚያውን ካላነሣ ማኅሌት አይጀመርም። የልጁን ሥራ ሲጠይቁት «መንግሥት ቤት ነው» ብሎ ያልፋል። ምን እንደምሠራ ያውቃል፤ አፉን ሞልቶ መናገሩ ግን አልሆነለትም። ይሄ ያናድደኝ ነበር።

ሐኪሙ ስለ ጥገኛ ተውሳክ የሚያስተምር ሰው ነው። አንድ አመል ነበረበት፤ የባሕር ዓሣ ማሳደግ። ውሃውን ከምጽዋ በበርሚል በጭነት ማኪና፣ ዓሣዎቹን በቆርቆሮ በአውሮፕላን አስመጥቶ በላቦራቶሪው ጥግ በመስታወት ገንዳ አኖራቸው። መጀመሪያ ሁለት ነበሩ። ለወባ ጥናት ወደ ሳንጃ ሊወርድ ሲል ሦስተኛ መጣለት። እሷን ከሁለቱ ጋር ቀላቅሎ፣ «ውሃው ሲጎድል ጨምርበት፤ አብላቸው» ብሎኝ ሄደ።

የሚበሉት የደረቀ የባሕር ምግብ በቆርቆሮ ነበር። ጉንዳን ገባበት፤ ደፋሁት። ዳቦ ፈረፈርኩ፣ ሽሮ አሸሁ፤ ዞር ብለውም አላዩት። ትል እንዳገኝ ብዬ ከግቢው ድንጋይ ስገለብጥ ዋልኩ፤ የበጋ መሬት ስንጥቅጥቅ ብሎ ከአቧራ በቀር ምንም የለው። የቀረው ሥጋ ነው። ሁዳዴ ደግሞ ገብቷል፤ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ሁሉ ተዘግቷል።

ስለዚህ ወደ አዲስ ዓለም፣ ወደ ሙስሊሞቹ ሰፈር ወረድኩ። ሥጋ ሻጩ ሽበታም፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው።

«ጡንቻ ሥጋ፣ ጥቂት» አልኩት።

«ምነው ልጄ፣ ጾም አይደል እንዴ?»

«አያ፣ ለእኔ አይደለም። ለዓሣ ነው።»

ሚዛኑን አስቀምጦ ከት ብሎ ሳቀ። «ለታመመች እናቴ ነው ያለኝ አለ። ለድመት ነው ያለኝም አለ። ለዓሣ ነው ያለኝ ግን አንተ የመጀመሪያህ ነህ» አለና፣ ምስጢር እንደሚጠብቅልኝ ሁሉ በጋዜጣ ላይ ጋዜጣ ደርቦ ጠቀለለልኝ።

በዚያው ሰሞን ዓሣዎቹ ታመሙ። መጀመሪያ ጎናቸውን ከድንጋዩ ጋር ይፈትጉ ጀመር። ቀጥሎ ትንፋሻቸው ተጣደፈ፤ ክንፋቸው ላይ ጤፍ ዱቄት የተነሰነሰ የመሰለ ነጭ ነጥብ ወጣ። አዲሷ ሞተች፤ ተከትሏት አንደኛው ሞተ። የቀረችው ብጫዋ ብቻ ነች፤ እሷም መብላት አቆመች። ሥጋውን ፊቷ ስጥል ትሸሻለች።

እኔ በዚህ ስብሰለሰል አባቴ ከላቦራቶሪው ደጃፍ ቆሞ አየሁት። ያን ቤት ረግጦት አያውቅም። ነጭ ጥምጣሙን አድርጎ፣ መቋሚያውን ተደግፎ፣ ወደ ውስጥ ሳይገባ «ሰው የሚያወራውን ሰምተሃል?» አለኝ።

«ምን አሉ አባባ?»

«የመሪጌታው ልጅ በሁዳዴ ሥጋ ይበላል፤ ያውም የእስላም ሥጋ፣ ይላሉ። ከሥጋ ቤት ስትወጣ አይተውሃል።»

ደሜ ፈላ። እኔ ጾም ሽሬ የማላውቅ፣ ሆዴ ከጀርባዬ ተጣብቆ ለአንድ ዓሣ ስባዝን የምውል ሰው! «ለዓሣ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሲነገር እንዴት ያለ ቂል መልስ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ገበዙ ጠርቶ ነገረኝ» አለ። ገበዙ የደብሩን ንብረትና ሥርዓት የሚጠብቁት ቄስ ናቸው። «ወሬው እስኪጣራ ከፊት መቆም ትቻለሁ። ከኋላ ነኝ።»

አባቴ ከኋላ! ከዚህ በላይ ምን ሊለኝ ይችላል? እጁን ይዤ አስገባሁት፤ ከገንዳው ፊት አቆምኩትና ቁራጭ ሥጋ ጣልኩ። ብጫዋ ጥጓን ይዛ ታለከልካለች። ሥጋው ቀስ እያለ ወርዶ ከታች አረፈ። ሌላ ጣልኩ፤ ያም ወረደ። አባቴ ሥጋውን አየ፣ ዓሣዋን አየ፣ እኔን አየ።

«አሟት ነው እኮ» አልኩ።

«ልጄ፣ እኔ አምንሃለሁ። ያላየሁትን አየሁ ብዬ ግን አልምልም» ብሎኝ ሄደ። በዚያ ሰዓት በዓሣዋም፣ በሐኪሙም፣ በገበዙም፣ በአባቴም ተናደድኩ።

እንግዲህ እሷን አድኖ ማስበላት ግድ ሆነብኝ። የሠራሁትን ቂልነት ልንገራችሁ፤ ሰገራ መርማሪ ነኝና የዓሣዋን ሰገራ መረመርኩ። በመስታወት መምጠጫ ከገንዳው ሥር እየለቀምኩ ማይክሮስኮፕ ላይ ቀናት ፈጀሁ። እንቁላል የለ፣ ትል የለ፣ ምንም የለ። ዓይኔ ቀላ። አብረውኝ የሚሠሩት «ኮሶ አጠጣት» እያሉ ይስቁብኛል።

ከዚያ፣ ሕመሙ ከቆዳዋ ላይ አፍጥጦ እያየኝ ሆዷን የምፈትሸው ለምንድን ነው አልኩ። ሕመምተኛ ሁሉ በክብሪት ቀፎ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። ብጫዋን በመረብ አውጥቼ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይዤ፣ ነጩን ነጥብ በመስታወት ጠርዝ በስሱ ጫር አደረግሁ። ከዚያው ከገንዳው ውሃ ጠብታ ጨምሬ አየሁት። ክብ፣ ጠቆር ያለ፣ ዙሪያውን ጸጉር የከበበው ነገር እዚያው በዝግታ ይሽከረከራል። አንድ አይደለም፤ መንጋ ነው። «አገኘሁህ!» አልኩት፤ ሰው ቢሰማኝ አብዷል ይል ነበር።

ማግኘት ሌላ፣ መግደል ሌላ ሆነ። በወንዝ ዳር ቀንድ አውጣ የምንገድልበት ሰማያዊ የመዳብ ዱቄት ነበረን። በጥንቃቄ መዝኜ ገንዳው ውስጥ ጨመርኩ። ምንም! ደግሜ ጨመርኩ፤ ምንም! ከሐኪሙ መጽሐፍ አንዱን ቃል ካንዱ እያጋጠምኩ ሳነብ፣ ለካ ሐኪሙ ለጌጥ የደረደረው የባሕር ድንጋይ መዳቡን ይመጥጠዋል። መድኃኒቴን ለድንጋይ ሳጠጣ ከርሜያለሁ።

ዓሣዋን ከጥቂት ውሃ ጋር ወደ ገንቦ አዛወርኩና ድንጋዩን አጥቤ፣ የተመረዘውን ውሃ ደፋሁት። ከደፋሁት በኋላ ነው በበርሚሉ ያለው የባሕር ውሃ ሊያልቅ ጥቂት እንደቀረው ያየሁት። ምጽዋ ደግሞ እዚህ ቅርብ አይደለችም። እጄን በራሴ ላይ ጭኜ ከወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

እዚያው ቁጭ ብዬ አንድ ነገር መጣልኝ። ተውሳኩም የባሕር ነው፤ ዓሣዋም የባሕር ናት። ጨው ቢቀንስባቸው ቀድሞ የሚወድቀው ማን ነው? እንደገና ከቆዳዋ ጫርኩና፣ ማይክሮስኮፑ ሥር እንዳለ ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በጠብታ በጠብታ ጨመርኩበት። ያ ክብ ነገር መዞሩ ዘገየ፣ አበጠ፣ ፈነዳ። ዓይኔን ጠራርጌ ሌላውን አየሁ፤ እሱም ፈነዳ።

የውሃውን ጨው የለካሁት በሽንት መመዘኛ ነው። ሽንት ውስጥ ተንሳፍፎ ክብደቱን የሚያሳይ የመስታወት ዘንግ አለን፤ ለባሕር ውሃም ይሠራል። ዓሣዋ እንዳትደነግጥ ንጹሁን ውሃ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየጨመርኩ ዘንጉ ወደ ታች እስኪሰምጥ ጨዉን ቀነስኩ። ከቆዳዋ የረገፈው ተውሳክ ከሥር ተደብቆ ስለሚራባ፣ ከአንዱ ገንቦ ወደ ሌላው እያዛወርኳት የቀደመውን አጥቤ ፀሐይ ላይ እደፋዋለሁ። በየመሃሉ ሥጋ እጥላለሁ፤ አትበላም። ሥጋው ይሸታል፤ አውጥቼ እጥለዋለሁ። አዲስ ልገዛ አዲስ ዓለም እወርዳለሁ፤ ሰው ያየኛል። አባቴም ከኋላ ቆሟል።

ነጩ ነጥብ መርገፍ ጀመረ። ትንፋሿ ረጋ፤ ወደ ታጠበው ገንዳዋ መለስኳት። ሆሳዕና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ጠዋት ቁራጭ ሥጋ ጣልኩ፤ ብጫዋ ዞር አለች፣ አሸተተች፣ ዋጠችው። እኔ ጾመኛው የጠገብኩ ያህል ሆነ።

እየሮጥኩ ሄጄ አባቴንና ገበዙን ይዤ መጣሁ። ብጫዋ አላሳፈረችኝም፤ አንድ በአንድ ለቀመችው። አባቴ ጎንበስ ብሎ እያየ «ሸጋ ፍጥረት!» አለ። እኔ ወደ ገበዙ ዞርኩ።

«አዩ አባ?»

«አየሁ» አሉ ጺማቸውን እየዳበሱ። «ዓሣ ሥጋ መብላቱን አየሁ። አንተ አለመብላትህን ግን በምን ልወቅ?»

አሁን ለዚህ ምን ይመለሳል? ሆዴን ቀድጄ ላሳይ? ማይክሮስኮፕ ያን አያሳይ፣ የሽንት መመዘኛ አይለካው። ገበዙ ሲወጡ አባቴ «ሥጋው መቼ ያልቃል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ነገ እገዛለሁ።»

«አብረን እንወርዳለን።»

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ አገሩ ሁሉ ወጥቷል። አባቴ ጥምጣሙን አሳምሮ፣ ነጭ ጋቢውን ለብሶ በሰው መሃል ቀድሞኝ ሥጋ ቤቱ ደረሰ። ሻጩ ሲያየው ቢላዋው እጁ ላይ ቀረ።

«ለዓሣ» አለው አባቴ።

በዚያን ቀን ሻጩ አልሳቀም። ሥጋውን ቆርጦ በጋዜጣ ሊጠቀልል ሲል አባቴ እጁን ያዘው። «ምነው ትጠቀልለዋለህ? የሰረቅነው አስመሰልኸው» አለና ቀዩን ሥጋ በባዶ መዳፉ ተቀበለ። በአንድ እጁ መቋሚያ፣ በአንድ እጁ ሥጋ ይዞ፣ ሳይቸኩል ገበያውን አቋርጦ ሄደ። ሰው መንገድ እየለቀቀ አፉን ይዞ ያየዋል። እኔ አንገቴን ደፍቼ ተከተልኩት። ሲመሽ ወሬው ደርሶ ነበር፤ አባትየውም ጀመረ፣ እየተባለ።

በማግስቱ በሆሳዕና ገበዙ ከቅኔ ማኅሌቱ ደጃፍ ቆመው ጠበቁት። እኔ ከኋላው ነበርኩ።

«መሪጌታ፣ ትናንት የሰማሁት እውነት ነው?» አሉት።

«እውነት ነው። ዓሣዋ ስትበላ አይቻለሁ፤ ሥጋውንም የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ልጄ የዓሣ ሐኪም ነው። እሱን ከከሰሳችሁ እኔንም ጨምሩኝ።»

መልሳቸውንም አልጠበቀ፤ ከኋላ ያሉትን አልፎ፣ ከመካከል ያሉትን አልፎ፣ ከፊት ሄዶ ቆመና መቋሚያውን አነሣ።