ብርድ የማትችል ጠላቂ

አዳማ ሰው በሙቀት ራሱን በካርቶን ሲያራግብ እኔ ሹራብ ፍለጋ ቤት የምገባ ሴት ነኝ። ጎረቤቶቻችን «ይቺ ልጅ ደብረ ብርሃን ብትወለድ ምን ይውጣት ነበር!» እያሉ ይስቁብኛል። ስለዚህ አባቴ «ሐይቅ ውስጥ መጥለቅ አብረን እንማር» ሲለኝ የቀለደ መሰለኝ። እሱ ግን የምሩን ነበር። ዕድሜውን መልካሳ የምርምር ማዕከል ውስጥ ዝናብ የሚያጥረው መሬት ላይ ስለሚበቅል ሰብል ሲያጠና ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ አንድ ምኞት ብቻ ነበረው፤ የሐይቅ ወለል በዓይኑ ማየት። እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ሥልጠናው ቢሾፍቱ፣ ሦስት ቅዳሜ ነበር። ደንቡ ጥብቅ ነው፤ ሁለት ሁለት ሆነው ይገባሉ፣ አንዱ ከወጣ ሌላውም ይወጣል። የመጀመሪያው ቅዳሜ ከላስቲኩ የጠላቂ ልብስ ሥር ሹራብ ለበስኩ። ብርድ ከሆነ መደራረብ ነው እንጂ ሌላ ምን አውቃለሁ? አሠልጣኙ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ልብሱ ገላ ላይ ጥብቅ ሲል ነው የሚያሞቀው፤ በመሃል የገባችውን ትንሽ ውሃ ገላችን ያሞቃታል። ሹራቡ ግን ክፍተት ፈጥሮ ቀዝቃዛ ውሃ እንደ ልቡ አስገባብኝ። ቶሎ ወጣሁ። በሁለተኛው ቅዳሜ ሹሩባዬ እንዳይበላሽ ብዬ የላስቲኩን ቆብ ተውኩት። ያን ቀንም ጭንቅላቴን በርዶኝ ቶሎ ስወጣ አባቴ ተከትሎኝ ወጣ። በራሴ አፈርኩ።

ለመጨረሻው ቅዳሜ ትኩስ ቅንጬ በልቼ፣ ቆቡን አጥልቄ ሄድኩ። አሠልጣኙ ከፔርሙዝ ለብ ያለ ውሃ በአንገቴ በኩል ልብሱ ውስጥ አፈሰሰልኝና «አይዞሽ!» አለኝ።

ገባን። አባቴ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አጋጥሞ ደህና መሆኔን ጠየቀኝ። በዚያው ምልክት ደህና ነኝ አልኩት። ቆይቶ ጠየቀኝ፣ አሁንም ደህና ነኝ። እንግድነት ሄደን ራት ሲቀርብልን፣ ሆዳችን እየጮኸ «ኧረ በልተናል» እንደምንለው መሆኑ ነው። ይሉኝታዬን ውሃ ውስጥ ይዤው ገባሁ። ወለሉ ከበታቻችን መታየት ሲጀምር ጣቶቼ ደነዘዙ፤ ደረቴ ላይ ያለውን የአየር መቆጣጠሪያ ቁልፍ ብነካውም አልሰማኝ አለ። ፈራሁ። እጆቼን ደረቴ ላይ አጣምሬ ክንዶቼን አሸት አሸት አደረግኩ፤ በረደኝ ማለት ነው። አባቴ ወዲያው እጄን ይዞ ወደ ላይ መለሰኝ።

ዳር ስንደርስ አለቀስኩ። «ይቅርታ አባዬ፣ አበላሸሁብህ።»

ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነበር፣ ከንፈሩም ጠቁሯል።

«ወለሉ ጭቃ ነው» አለ። «ከላይ ሆኜ አየሁት። ጭቃ መልካሳም ሞልቷል።»

«አንተም በርዶሃል እንዴ?»

«ከገባን ጀምሮ። አንቺ ደህና ነኝ እያልሽ እኔ እንዴት በረደኝ ልበል?»

«ዛሬ ብቻ ነው?»

«ሦስቱንም ቅዳሜ። ለመሆኑ ይሄ ብርድሽ ከማን የመጣ ይመስልሻል?»

ከልጅነቴ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ በረደሽ ወይ ተብዬ የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ ከሁሉም አብዝቶ የሚጠይቀኝ ደግሞ እሱ። እኔ ግን አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም። ፎጣዬን ትከሻው ላይ ጣል አድርጌለት አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ በረደህ?»

«ደህና ነኝ።»

እንደገና ጠየቅኩት።

«በጣም» አለኝ።