ቤት የተሸከምንበት ቅዳሜ

በመጀመሪያ እዚያ የነበርነውን ሰዎች አንድ በአንድ ልቁጠር። ስም ግን አልጠቅስም፤ ለመጥቀስ አላስፈቀድኩም። የቤቷ ባለቤት እማማ ነበሩ፤ በአረጋውያን መጦሪያ ብዙ ዘመን ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ከጨንቻ በላይ ካለው ደጋ የመጡ የዶርዜ ሴት። በተማሪነት ስዊድን ገብተው የአፈር ተመራማሪና ዶክተር የሆኑት ጋሼ ነበሩ፤ በአንድ ወቅት ካናዳ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የገጠር ቀበሌ ሠርተዋል፤ ስለዚያች ቀበሌ ሳያወሩ የዋሉበትን ቀን እኔ አላውቅም። ከቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ወፍራም ድምፅ ያለው የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ከእሱ ጋር ልጁ፣ እዚሁ ያደገ፣ አማርኛ የሚሰማ ነገር ግን በስዊድንኛ የሚመልስ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ወጣት። ከሻርሆልመን የመጡት መንትያዎች ነበሩ፤ አንዱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ሌላው የሒሳብ መምህር። ከሁስቢ ድረስ በባቡር የመጡ ሦስት የኳየር ልጆችም ነበሩ። ከእማማ ጓሮ የቁጥቋጦ አጥር ማዶ ደግሞ ፊንላንዳዊው ጎረቤት፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ። የመጨረሻው እኔ ነኝ።

ቦታው ስዊድን ውስጥ ብሬዴንግ የሚባል ሰፈር ነው፤ ከረጃጅሞቹ የኪራይ ሕንጻዎች ጀርባ ባለው ኮሎኒ። ኮሎኒ የምንለው የጓሮ አትክልት ማኅበሩ ለአባላቱ የሚሰጠውን የጓሮ መሬት ነው። እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት ድንችና አበባ ይተከልበታል፣ መካከሉ ላይ ደግሞ ስቱጋ የሚሏት ትንሽ የእንጨት ቤት ትቆማለች። በማኅበሩ የጋራ ክፍል ግድግዳ ላይ የድሮዎቹ አባላት ፎቶ ተሰቅሏል፤ ኮፍያ ያደረጉ ወንዶች በአካፋቸው ተደግፈው ካሜራውን በቁጣ ያዩታል። ከእነሱ መሬቱ ወደ ፊንላንዳውያን፣ ከዚያ ወደ ቺሊና ወደ ቱርክ ሰዎች፣ ቀስ እያለም ወደ እኛ መጣ። ጋሼ ያንን ግድግዳ በጣም ይወዱታል። «ካናዳ ባለችው ቀበሌም እንዲሁ ነበር» ይላሉ። «መጀመሪያ የመጣው ይቆፍራል፣ ቀጥሎ የመጣው ይተክላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ስብሰባ ይጠራል።»

ችግሩ የመጣው ማኅበሩ አምቡላንስ እንዲገባ በማለት መንገዱን ሲያሰፋ ነው። አሳቡ መልካም ነበር፤ እማማም እጃቸውን አውጥተው ደግፈውታል። መንገዱ ሲለካ ግን የእማማ ቀይ ስቱጋ አንድ ጥግ ወደ አዲሱ መንገድ በአንድ ክንድ ያህል ገብቶ ተገኘ። ሊቀመንበሩ ራሱ መጥቶ በአክብሮት ነገራቸው፦ በሚመጣው ሳይሆን በተከታዩ ሰኞ ፍተሻ አለ፤ እስከዚያ ቤቷ ከመንገዱ ካልወጣች ትፈርሳለች።

እማማ ክረምት ከበጋ የሚኖሩት ሰባተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ግን ሰው የሚቀበሉት፣ የሚጸልዩት፣ ከሰዓት በኋላ የሚተኙት ስቱጋዋ ውስጥ ነበር። አዲስ መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን ፈቃድ መጠበቅ አለ።

«ፈቃዱ እስኪመጣ እኮ» አሉን እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ «እኔ በሰማይ የተዘጋጀልኝ ቤት ውስጥ እገባለሁ። ያኛው ፍተሻ የለውም።»

ሳቅን። 

ጋሼ ወዲያው መፍትሔ አመጡ። «ካናዳ ሳለሁ ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሲዛወር አይቻለሁ! ደወሉ እንኳ አልወረደም። ከሥሩ ግንድ ያስገቡና በረዶው ሲጠነክር በትራክተር ይጎትቱታል። ከመንደር እስከ መንደር።»

«ዶክተር፣ አሁን ነሐሴ ነው» አሉ እማማ።

«መርሁን ነው የምናገረው።»

«መርሁ በረዶ ይፈልጋል። እኛ አገር ቤት በረዶ አልነበረም፤ ቤት ግን ይሄዳል። የቀርከሃው ቤት እግሩን ምስጥ ሲበላው ሰዎቹ ይገቡና ከውስጥ አንስተውት ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳሉ። ልጅ ሆኜ ከኋላው ተከትያለሁ።»

«ከውስጥ?» አለ ሹፌሩ።

«ከውስጥም ከውጭም ነው። እዚህ ግን ከውስጥ ብቻ ይሆናል። ግራና ቀኙ እንጆሪዬና ከረንት የሚሉት ፍሬ ቁጥቋጦዬ ነው። የሚረግጠው ሰው መጀመሪያ እኔን ይርገጠኝ።»

በዚህ ተወሰነ።

አናጺነት ያወቅሁት ከቪዲዮ ነው፤ ስለዚህ ማታ ማታ ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ ማሰናዳቱ የእኔ ድርሻ ሆነ። አልጋውንና ትንሿን ምድጃ አወጣን። የወለሉን ጣውላዎች አንድ በአንድ ነቅዬ ከሥራቸው በጠመኔ ቁጥር ጻፍኩባቸው። ቤቷን ከማዕዘን ድንጋዮቹ ጋር ያያያዟትን ብሎኖች ፈታሁ። በውስጥ በኩል በአራቱም ግድግዳ፣ በወገብ ቁመት፣ ወፍራም አግዳሚ እንጨት ቸነከርኩ፤ መያዣችን እሱ ነው። መንትያው የሒሳብ መምህር ስቱጋዋ ምን ያህል እንደምትከብድ አስልቶ ነበር፤ ወንድሙ ግን «አትንገራቸው» ብሎ ከለከለው።

ቅዳሜ ጠዋት ገባን። ሹፌሩ፣ ልጁ፣ መንትያዎቹ፣ የሁስቢ ልጆችና እኔ። ፊታችንን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባችንን እርስ በርስ አደረግን። እግራችን ሥር ወለል የለም፤ አፈር ነው። እማማና ጋሼ ውጭ ሆነው እንዲመሩን ተስማማን። እማማ በመስኮቱ አንገታቸውን አስገብተው ጸለዩ፤ ጸሎቱ ረዘም ሲል ሹፌሩ «እማማ፣ እንጨቱን ይዘናል እኮ» አላቸው።

«አሜን! አንሱ!»

ተነሣች። እውነቱን ለመናገር ማናችንም አልጠበቅንም ነበር። ከሥር ብርሃን ገባ፤ የሰው ጫማ ሁሉ ታየ። የሹፌሩ ልጅ «የስ!» ብሎ በደስታ ጮኸ፤ አባቱ «ትንፋሽህን ቆጥብ» አለው።

ቤቷ መሄድ ያለባት ወደ ኋላ ነው፤ ከመንገዱ ወደ ፊንላንዳዊው አጥር። በሯ የሚያየው መንገዱን ሲሆን መስኮቷ አጥሩን ነው። ስለዚህ እማማ «ወደ መስኮቱ!» ሲሉ ሁላችንም ይገባን ነበር፤ መስኮቱ በየት በኩል እንዳለ ከውስጥም እናውቃለን። ትንሽ ትንሽ እያልን ሄድን። አካሄዳችን እንዲገጥም ሹፌሩ መዝሙር ጀመረ፤ እኛም ተቀበልን። በጣም አምሮ ነበር። ስምንት ሰው በአንዲት የእንጨት ክፍል ውስጥ ሲዘምር ድምፁ ከጣሪያው ይመለሳል።

በዚህ መሐል ከውጭ «ትንሽ ወደ ቀኝ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ሁላችንም ወደ ቀኝ ሄድን። ሁላችንም ትክክል ነበርን፤ እያንዳንዱ ሰው ወደ ራሱ ቀኝ ነው የሄደው። ይሁንና እያንዳንዳችን የምናየው የየራሳችንን ግድግዳ ነው። መንትያው ወደ አንድ ወገን፣ ከጀርባው ያለው ወንድሙ ወደ ተቃራኒው ሄዱ፣ ስለዚህ ቤቷ ባለችበት መዞር ጀመረች። ከውስጥ ሆኖ ይህን ማወቅ አይቻልም፤ ግድግዳው አብሮን ይዞራልና ሁሉም ነገር ከፊታችን እንዳለ ነው። መዝሙሩ ደግሞ አዝማቹ ላይ ደርሶ ነበር። አዝማቹ ፈጣን ነው፤ እግራችንም ፈጠነ። ከውጭ ጩኸት ይሰማ ነበር፤ የሁስቢዎቹ ልጆች እማማ እልል ያሉ መስሏቸው ድምፃቸውን ጨመሩ።

እኔ ብቻ ዞር ስል አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ በመስኮቱ የገባው ፀሐይ የሹፌሩን ጀርባ ለቆ የልጁ ትከሻ ላይ ወጣ። ለመናገር ግን ትንፋሽ አልነበረኝም።

«አልቻልኩም!» አለ አንዱ። አወረድናት።

መዝሙሩ ሲቆም የእማማ ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማ። «ኧረ ቁሙ! ኧረ በጌታ! ቤቴን ምን አደረጋችሁብኝ?»

ሹፌሩ በሩን ገፋ። በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው፤ ትንሽ ተከፍቶ ቆመ። በክፍተቱ የአጥሩ ቅጠል ገባ። ከቅጠሉ ኋላ የፊንላንዳዊው ፊት ነበር፤ «መልካም ቀን» አሉን በስዊድንኛ።

መውጫው መስኮት ብቻ ሆነ። አሁን መስኮቱ የሚያየው መንገዱን ነው። አንድ በአንድ ዘለልን፤ የሹፌሩ ልጅ ግን ወገቡ ላይ ተያዘ፣ ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ።

«ይህን ሁሉ ያበላሁህ መስኮት ላይ እንድትቀር ነው?» አለ አባቱ እጁን እየጎተተ።

«ሉንግ፣ ፓፓ! ሉንግ!» ይላል ልጁ፤ ተረጋጋ ማለቱ ነው። ከውጭ ያየው ሰው ግን ማን መረጋጋት እንደሚገባው አይጠፋውም።

ጋሼ ወዲያው ግንድ ይምጣ አሉ፤ በግንድ ላይ አድርገን እናዙራት፣ ካናዳ ሳለሁ... እኛ ሣሩ ላይ ተዘርረን ነበር። እማማ ግን ለአዲሱ መንገድ የተዘረጋውን የወሰን ገመድ አዩ። ጎንበስ ብለው በእጃቸው ለኩ። ቤቷ ከመንገዱ ሙሉ በሙሉ ወጥታለች፤ በስንዝር ተርፏታል።

«ማንም እንዳይነካብኝ!» አሉ። «ዶክተር፣ ግንድዎን ይያዙ።»

ከዚያ ቅቅል ድንች በዳጣ፣ በሚያቃጥለው የእማማ የቃሪያ ማባያ፣ በላን። ፊንላንዳዊው ድንቹን በዳጣው ውስጥ አጥልቀው ነከሩትና ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ሌላም ጠየቁ።

ግን እማማ አልበሉም። «መውጫ የሌላትን ቤት ያጸድቃሉ ወይ?» አሉኝ ቀስ ብለው።  እሑድ አምልኮ ላይም ሐሳባቸው እዚያው እንደነበረ ያስታውቅ ነበር።

ከአምልኮ በኋላ ወለሉን ልመልስ በመስኮት ገባሁ። በሩ በሰፊው ተከፍቶ ነበር። እኛ ስንዘምር በዋልንበት ሰዓት ሽማግሌው አጥራቸውን በበሩ ልክ ቆርጠው፣ የተቆረጠውን ጠርገው፣ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ ደረጃ አድርገው አስቀምጠዋል። ለምን እንዲህ አደረጉ ስላቸው ወደ ዳጣው ዕቃ አመለከቱ።

ሰኞ ሊቀመንበሩ መጣ። ሜትሩን ዘረጋ፣ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በመንገዱ በኩል በር ፈለገ። እማማ በመስኮቱ ሆነው «በጎረቤቴ በኩል ይዙሩ» አሉት። ዞረ። በፊንላንዳዊው ጓሮ አልፎ፣ በድንጋዮቹ ወጥቶ፣ በሩን አንኳኳ። እማማ ከፈቱ። እኔ ጥግ ላይ የመጨረሻውን ጣውላ እቸነክር ነበር፤ መዶሻዬን አቆምኩ።

«ደንቡ ስለ በር አቅጣጫ ምንም አይልም» አለ ሊቀመንበሩ። «ቤቷ ትቆማለች።»

እማማ አቀፉት። ስዊድናዊው ለዚህ አልተዘጋጀም ነበር፤ ሜትሩ እጁ ውስጥ ጥቅልል ብሎ ተመለሰ።

አሁን ወደ እማማ ስቱጋ የሚሄድ ሰው በፊንላንዳዊው ጓሮ ያልፋል፤ ሲያልፍም የሳቸውን ጭማቂ ሳይጠጣ አይለቁትም። ጋሼ በየክረምቱ «በረዶው ጠንክሯል፣ እናዙራት» ይላሉ። እማማ እሺ አይሉም። «በዚያ በኩል የሚያልፈው ሰው ሰላም ብሎኝ ይሄድ ነበር፤ በዚህ በኩል የመጣው ግን ይገባል» ይላሉ።

ይህን ስጽፍ የቻልኩትን ያህል ተጠንቅቄአለሁ፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ ጉድለት አለብኝ። እኔ ውስጥ ነበርኩ። ቤቷ ስትሄድና ስትዞር አላየሁም፤ ያየሁት ግድግዳና የራሴን ጫማ ነው። «ወደ ቀኝ» ያሉት ጋሼ ናቸው ይላሉ እማማ፤ ጋሼ ደግሞ እማማ ናቸው ይላሉ። ፊንላንዳዊው ሲጠየቁ ይስቁና በእጃቸው ክብ ይሠራሉ። በዚያ ቅዳሜ በመንገዱ ያለፋችሁ፣ ከሕንጻው መስኮት ቁልቁል ያያችሁ፣ ወይም ስልካችሁን ያወጣችሁ ሰዎች እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። እባካችሁ ንገሩኝ፦ ከሥሯ እግር ብቻ የሚታይባት፣ እየዘመረች የምትዞር ቀይ ቤት ከውጭ ምን ትመስል ነበር?